ለጭነት ፒክ አፕ አውቶሞቢል ቸርኬና ጎማ ስለ መምረጥ

አንድ ሰው የጭነት በቅሎ ሊገዛ ወደ ገበያ ሲወርድ አስቀድሞ የሚመረምረው ኮቴዋንና ጀርባዋን ነው፤ የአንገቷ ጌጥ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው። ስለ አውቶሞቢል ግን ይህ የአባቶች ልማድ ተገልብጦ ይታያል። በየአውራጃው ዘርና ማዳበሪያ፥ የከብት መድኃኒትና የእርሻ መሣሪያ የሚያመላልሰው ፒክ አፕ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጎማ ባለቀ ጊዜ፥ በምትኩ የሚገዛው ጎማና ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ወይ በመልኩ ነው፥ ወይ በዋጋው ማነስ ነው። አውቶሞቢሉ ግን መሬትን የሚነካው በአራቱ ጎማዎቹ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ጎማ መሬቱን የሚነካበት ስፍራ አንድ ሰው ሁለት እጁን ጎን ለጎን ቢዘረጋ ከሚሸፍነው ብዙ የሚበልጥ አይደለም። ጭነቱም፥ በውስጡና በላዩ የተቀመጠው ሰው ሕይወትም የተደገፈው በዚህች ጥቂት ስፍራ ላይ ነው።

ይህ ትምህርት አገረ ገዥዎች፥ ባለ እርሻዎችና የወረዳ ሹማምት የጎማና የቸርኬ ግዢ ከመፍቀዳቸው አስቀድሞ ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው ያስረዳል። የነገሩ ሁሉ ሥር ክብደት ነው። ጎማና ቸርኬ አስቀድሞ በሚሸከሙት ክብደት፥ ቀጥሎም በሚሄዱበት መንገድ ይመረጣሉ፤ መልካቸው ከቁጥር አይገባም።

ስለ ክብደት

በኢትዮጵያ ለገበሬው የሚከፋፈለው የማዳበሪያ ከረጢት 50 ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ 20 ከረጢት 1,000 ኪሎ፥ ማለት 10 ኩንታል ነው። ለምሳሌ ያህል ባዶውን በቆመ ጊዜ በኋላ እግሩ ላይ 900 ኪሎ የሚያርፍበት ፒክ አፕ አለ እንበል። 20 ከረጢት ቢጫንበት፥ ጭነቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም በኋላው እግር ላይ ስለሚያርፍ፥ ወደ 950 ኪሎ ይጨመርበታል፤ ድምሩም 1,850 ይሆናል። ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 925 ኪሎ ይደርሰዋል። ይህም አውቶሞቢሉ በደልዳላ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ወደ ጎን ባዘነበለ መንገድ በሄደ ጊዜ በታችኛው ወገን ያለው ጎማ ከድርሻው በላይ ይሸከማል፤ ጉድጓድ በመታ ጊዜ ደግሞ ለቅጽበት ያህል ሸክሙ እጅግ ይበረታል።

አሁን የተለመደውን ነገር እንጨምርበት። ሰኔ ገብቶ የዘር ጊዜ ሲጣደፍ፥ ሁለተኛ ጊዜ ከመመላለስ ብለው 10 ከረጢት ያስጨምራሉ፤ አምስት ሰዎችም መንገድ ይሸኘን ብለው ከጭነቱ በላይ ይወጣሉ። ይህ 825 ኪሎ ያህል ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ የሚሸከመው ወደ 1,340 ኪሎ ይደርሳል። በመሠረቱ እንዲህ ያለው ጭነት ባሌስትራውም ፍሬኑም ከተሠሩበት ልክ ያለፈ ነው፤ ጠንካራ ጎማ መግዛትም ይህን ስሕተት ትክክል አያደርገውም። በአውቶሞቢሉ የበር ምሰሶ ላይ ወይም በሞተሩ ቤት ውስጥ የተለጠፈው ሠሌዳ የመኪናውን ሙሉ ክብደት ልክ ይናገራል፤ ሹሙም ይህን ቁጥር አስነብቦ በመዝገብ ቢያስጽፍ መልካም ነው።

ጎማው ስንት ኪሎ እንደሚችል በጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። ለምሳሌ 265/75 አር 16 የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፥ 265 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 75 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ከመቶ 75 እጅ መሆኑን ያሳያል፤ አር የተባለው ፊደል የውስጥ ክሮቹ አዘረጋግ ራዲያል መሆኑን ይነግራል፤ 16 ጎማው የሚገባበት የቸርኬ ወርድ በኢንች ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የጭነት ቁጥር ይባላል። ይህም ቁጥር ራሱ ኪሎ አይደለም፤ በዓለም ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ የሚፈታ ምልክት ነው። በሠንጠረዡ መሠረት 104 ማለት 900 ኪሎ፥ 112 ማለት 1,120 ኪሎ፥ 116 ማለት 1,250 ኪሎ፥ 121 ማለት 1,450 ኪሎ፥ 123 ማለት 1,550 ኪሎ ነው። እንደ 123/120 ያለ ጥንድ ቁጥር ሲገኝ፥ የፊተኛው ጎማው ብቻውን ሲሰካ የሚችለው ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ወገን ሁለት ጎማ በተደረበበት አውቶሞቢል ላይ እያንዳንዱ የሚችለው ነው፤ እርሱም 1,400 ኪሎ ነው። በመጨረሻ ያለው ፊደል ስለ ፍጥነት ነው፤ ለጭነት ጎማ በብዛት የሚገኘው ኪው የተባለው ፊደል በሰዓት 160 ኪሎሜትር ስለሚፈቅድ፥ በገጠር መንገድ ለሚሄድ ሰው ብዙ የሚያሳስብ አይደለም።

ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ነው። መጠናቸው አንድ የሆነ፥ ሁለቱም 265/75 አር 16 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ጎማዎች በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። አንደኛው ለቤት አውቶሞቢል የተሠራ ሆኖ የጭነት ቁጥሩ 116 ነው፤ ሁለተኛው ኤል ቲ የሚል ፊደል የተጻፈበት፥ ለጭነት የተሠራ ሆኖ ቁጥሩ 123 ነው። በዓይን ቢታዩ ወንድማማቾች ይመስላሉ፤ በሸክም ግን በመካከላቸው 300 ኪሎ አለ። ይልቁንም በአሜሪካ ደንብ የቤት አውቶሞቢል ጎማ በፒክ አፕ ላይ ሲሰካ የጭነቱ ልክ ለ1.10 እንዲካፈል ታዝዟል፤ እንግዲያስ 1,250 የነበረው ወደ 1,136 ኪሎ ይወርዳል። ከላይ በተሰላው ምሳሌ ትርፉ ጭነት በታከለ ጊዜ ይህ ጎማ ከልኩ 200 ኪሎ አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ዋጋው ርካሽ የሆነውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው።

በጭነት ጎማ ላይ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ድርብ የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ቀድሞ ይህ በእውነት የተደረቡትን የክር ንጣፎች ቁጥር ይናገር ነበር፤ ዛሬ ግን የጥንካሬ ደረጃ ብቻ ነው፥ ንጣፎቹን ቢቆጥሯቸው ያን ያህል አይገኙም። ስለዚህ ነጋዴው ስለ ድርብ ሲናገር ገዢው ስለ ጭነት ቁጥር ይጠይቅ።

ከዚህም በቀር ማንኛውም የጭነት ቁጥር የሚጸናው ጎማው ተገቢውን ነፋስ በያዘ ጊዜ ብቻ ነው። ጭነቱን በእውነት የሚሸከመው በውስጡ የታሰረው ነፋስ ነውና። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 123 ቁጥር ጎማ 1,550 ኪሎ የሚችለው 80 ፒ ኤስ አይ፥ ማለት 5.5 ባር ያህል ነፋስ ሲሞላ ነው፤ ያው ጎማ 50 ፒ ኤስ አይ ብቻ ቢኖረው የሚችለው 1,120 ኪሎ ነው። ነፋስ የጎደለው ጎማ በየዙሩ ጎኑ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም ላስቲኩን ከውስጥ ክሩ እየለየ በመጨረሻ ይፈነዳል። ስለዚህ ነፋስ የሚለካው ማለዳ፥ አውቶሞቢሉ ሳይንቀሳቀስ ነው። ብዙ ሾፌሮች በቆላ መንገድ ቀትር ላይ ለክተው ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲያገኙት ያስተነፍሱታል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የሞቀ ጎማ ግፊቱ ከፍ ማለቱ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ የጎማው ፋብሪካም ይህን አስቦ ሠርቶታል። ቢያስተነፍሱት ግን ማታ ሲቀዘቅዝ ጎዶሎ ሆኖ ያድራል፥ በማግሥቱም ጎዶሎውን ይጫናል። ከአዲስ አበባ ደጋ ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርድ ሰው ደግሞ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 2 ፒ ኤስ አይ ያህል ቀንሶ ሊያሳየው ይችላል፤ የቆላው ሙቀት ግን መልሶ ይጨምረዋል። በደረሱበት አገር አድሮ ማለዳ መለካት ከዚህ ሁሉ ክርክር ያድናል።

ስለ ቸርኬ

ጎማው 1,550 ኪሎ ቢችልና ቸርኬው 1,000 ኪሎ ብቻ ቢችል፥ የሁለቱ ልክ 1,000 ነው። ይህ ግልጽ ነገር ሆኖ ሳለ ሲረሳ ይታያል። የቸርኬ ልክ ብዙ ጊዜ በጀርባው ላይ ተቀርጾ ወይም ተወቅሮ ይገኛል፤ በጃፓን ደንብ የተሠራ የአሉሚኒየም ቸርኬ ለቤት አውቶሞቢል ከሆነ ጄ ደብልዩ ኤል፥ ለጭነት ከሆነ ጄ ደብልዩ ኤል ቲ የሚል ምልክት አለበት። ምንም ጽሑፍ የሌለበት የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለጭነት አውቶሞቢል ሊገዛ አይገባም።

የብረት ቸርኬና የአሉሚኒየም ቸርኬ ማን ይሻላል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከአስፋልት ርቆ ለሚሠራ ሰው መልሱ አጭር ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ቀለል ያለና መልከ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ በመታው ጊዜ ይሰነጠቃል፥ ስንጥቁንም በወረዳ ከተማ የሚያድን የለም። የብረት ቸርኬ ይጎብጣል፤ የጎበጠውንም ጎሚስታው በመዶሻ አቃንቶ ነፋስ እንዲይዝ ያደርገዋል፥ ሾፌሩም ከነጭነቱ ቤቱ ይገባል። ክብደቱ ጥቂት ከፍ ይላል፥ መልኩም አያምርም፤ ለዘርና ለማዳበሪያ ግን እርሱ ይበቃል።

ቸርኬው በሞዞው ላይ መግጠሙ ደግሞ በግምት የሚታወቅ አይደለም። የዳዶዎቹ ቀዳዳ ቁጥር፥ የሚዞሩበት ክብ ወርድ፥ የመሐሉ ቀዳዳ ስፋት፥ እንዲሁም ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚወጣበት ልክ አራቱም መስማማት አለባቸው። በኢትዮጵያ ገጠር በብዛት የሚታየው ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፒክ አፕ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 አስቀድሞ የተሠራው 6 ቀዳዳ ሆኖ የክቡ ወርድ 139.7 ሚሊሜትር ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው 5 ቀዳዳ ሆኖ ወርዱ 150 ሚሊሜትር ነው። ሂሉክስ የተባለው ባለ አራት እግር ነጂ ደግሞ ባለ 6 ቀዳዳ ነው። እንግዲህ በአንድ ግምጃ ቤት ሦስቱም ቢገኙ የአንዱ ትርፍ ጎማ ለሌላው ይሆናል ብሎ መንገድ የሚጀምር ሾፌር በረሃ ላይ ይቀራል።

ወደ ውጭ አብዝቶ የሚወጣ ቸርኬ መኪናውን ሰፊና ግርማ ያለው ያስመስለዋል። ነገር ግን ሸክሙ ከኩሽኔታው ስለሚርቅ፥ ረዥም ዱላ በጫፉ ሲይዙት እንደሚከብድ ሁሉ ኩሽኔታውን ያደክመዋል፥ መሪውንም ያንቀጠቅጠዋል። ቸርኬን ወደ ውጭ ለማውጣት በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባው ብረት ከዚህ የከፋ ነውና በጭነት አውቶሞቢል ላይ መከልከል ይገባዋል። ዳዶውም ቢሆን ከቸርኬው ጋር አብሮ ይመረጣል፤ የብረት ቸርኬ ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ሾጣጣ ነው፥ የቶዮታ የአሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ግን ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው ነው፤ ተለዋውጠው ቢታሰሩ በመንገድ ላይ ይላላሉ። አዲስ ቸርኬ ከታሰረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ሄዶ ዳዶውን መልሶ ማጥበቅ ግድ ነው። ቁልፉን በእግር እየረገጡ ማጥበቅ ግን ብሎኑን ይስባል፤ የሚጠብቅበት ልክ በአውቶሞቢሉ መጽሐፍ ተጽፏል።

ስለ ባለ ቀለበት ቸርኬ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። 7.50 አር 16 የተባለው ቀጭን ጎማ ከከመነዳሪው ጋር በሚሰካባቸው አንዳንድ ቸርኬዎች ላይ ጎማውን የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። ለገጠር ጥገና የተመቸ ነው፤ ሁለት ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ፈትቶ ሊጠግነው ይችላል። ነገር ግን ቀለበቱ የዛገ ወይም በስፍራው በደንብ ያልተቀመጠ እንደ ሆነ፥ ነፋስ ሲሞላ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ነፋሱ ፈጽሞ ሳይወጣ ቀለበቱን መንካት፥ ሲሞላም በፊቱ መቆም ወይም በላዩ መጎንበስ ክልክል ነው። የብረት አጥር በሌለበት ስፍራ ቢያንስ በጠንካራ ሰንሰለት ጠምጥሞ፥ ረዥም ቱቦ ይዞ ከጎን ርቆ መሙላት ይገባል። ሹም የሆነ ሰው በግቢው ውስጥ ሕፃናት ይህን ሲያዩ ቢያገኝ ወዲያው ያርቃቸው።

ደግሞም የዚህ ቀጭን ጎማ ቸርኬ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 5.5 ወይም 6 ኢንች ነው። 265/75 አር 16 የጭነት ጎማ የሚፈልገው ከ7 እስከ 8 ኢንች የሆነውን ነው። ሰፊውን ጎማ በጠባቡ ቸርኬ ላይ አስገድዶ መስካት መሐሉን አሳብጦ ጫፉን ያነሣዋል፤ ሲታጠፍም ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ሰፊ ጎማ የፈለገ ሰው የቸርኬውንም ዋጋ አብሮ ያስብ።

ስለ ትልቅ ጎማ

ከፋብሪካው ልክ የበለጠ ትልቅ ጎማ ማሰር ዛሬ በብዙ ስፍራ እንደ ክብር ተቆጥሯል። 265/75 አር 16 ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 804 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 315/75 አር 16 ደግሞ 879 ሚሊሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ከመቶ ከ9 እጅ በላይ ነው። ጎማው ባደገ መጠን ፍሬኑ የሚታገለው ክንድ ይረዝማል፤ ስለዚህ በዚያው የእግር ኃይል ሲረገጥ ጎማውን የሚይዘው ጉልበት ከመቶ 8.5 እጅ ያህል ይቀንሳል። በሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ለሚወርድ፥ ከ1,000 ሜትር የበለጠ ቁልቁለት በጭነት ለሚጓዝ ሰው ግን የጋለው ፍሬን ቀድሞ ይነግረዋል። መልሶ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ማርሹ እንደ ረዘመ ሆኖ ሞተሩ ያቃስታል።

ስለ ፍትሕ የሚያስብ ገዥ በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጎማው ሲተልቅ የኪሎሜትር ቆጣሪው ይዋሻል። ቆጣሪው 100 ኪሎሜትር ሲጽፍ አውቶሞቢሉ በእውነት የሄደው 109 ነው። ነዳጅ በኪሎሜትር እየተሰላ በሚሰጥበት መሥሪያ ቤት፥ ጎማው ከተለወጠ በኋላ አውቶሞቢሉ ነዳጅ አብዝቶ የሚጠጣ መስሎ ይታያል፤ ሒሳብ መርማሪውም ሾፌሩን በስርቆት ይጠረጥራል። ምንም ያልነካ ሰው በዚህ ከእንጀራው ሊወጣ፥ ልጆቹም ሊራቡ ይችላሉ። ስለዚህ የጎማ መጠን በተለወጠ ቀን፥ ከአንድ የታወቀ የመንገድ ምልክት እስከ ሌላው ሄዶ የቆጣሪውን ስሕተት መለካትና በነዳጅ መዝገብ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። የዘይት መለወጫውም ቀን በዚያው ልክ ይታረም፤ በቆጣሪው 5,000 ያለው በእውነት ወደ 5,470 ነውና። ፍጥነቱም እንዲሁ ነው፤ 80 ሲያሳይ የሚሮጠው 87 ነው።

በአራቱም እግር የሚነዳ አውቶሞቢል ጎማዎቹ ሁሉ እኩል ቁመት ሊኖራቸው ይገባል። ሁለት አዲስና ሁለት እጅግ ያለቀ ጎማ አስሮ በደረቅ መንገድ አራቱንም ማስነዳት የመካከሉን ጥርስ ይበላል።

ስለ መንገዱ

የጎማው ጥርስ እንደ አገሩ ይመረጣል። አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልትና በኮረት መንገድ ለሚሠራ፥ መካከለኛ ጥርስ ያለው ሁሉን አገር የሚሄድ ጎማ ይበቃዋል። ትላልቅና የተራራቁ ጥርሶች ያሉት የጭቃ ጎማ በአስፋልት ላይ ይጮኻል፥ ቶሎ ያልቃል፥ በዝናብም ሲረገጥ ይንሸራተታል። ክረምቱን ሁሉ በገጠር ለሚውል ግን እርሱ ይመረጣል። ከሥሩ ጠንካራ መሬት ባለው ስስ ጭቃ ላይ ቀጭን ጎማ ከሰፊው ይሻላል፤ ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራውን ይነካልና። በአፋር አሸዋ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰፊው ጎማ ነፋሱ ቀንሶ ይንሳፈፋል፥ ከአሸዋው ሲወጡም ወዲያው ተመልሶ መሞላት አለበት። እንደ በቾ ሜዳ ባለ መረሬ መሬት ላይ፥ ነሐሴ ውስጥ፥ የትኛውም ጎማ አያወጣም። እንዲህ ላለው ስፍራ ማዳበሪያው ዝናቡ ሳይበረታ እንዲደርስ ማዘዝ ከጎማ ግዢ ይቀድማል። የጫነ አውቶሞቢልም እርጥብ እርሻ ላይ ገብቶ ባይዞር ይሻላል፤ አፈሩ ታምቆ ለማረሻ ያስቸግራል።

ስለ ዕድሜና ስለ ርክክብ

ላስቲክ ሳይሠራበትም በግምጃ ቤት ያረጃል። በጎማው ጎን፥ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ፥ በመጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፥ ሁለተኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ገዢ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ዓመቱ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነውና። 3517 የሚል ጎማ በ2018 ዓመተ ምሕረት ቢቀርብለት፥ አምና በ2017 የተሠራ መስሎት ደስ ብሎት ይገዛል። በእውነት ግን ጎማው የተሠራው በነሐሴ 2009 መጨረሻ ነው፤ ከስምንት ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙ የጎማ ፋብሪካዎች ጎማ አምስት ዓመት ከሠራ በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፥ ከተሠራ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢተርፍም እንዲጣል ይመክራሉ። በአውሮፓ አገሮች ለአነስተኛ አውቶሞቢል የተፈቀደው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ በክረምት ጭቃ ለሚሠራ ግን 3 ሚሊሜትር ሲቀር መለወጥ ይሻላል።

ግዢው በጨረታ የሚፈጸም እንደ ሆነ፥ የፒክ አፕ ጎማ ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ለነጋዴው የቤት አውቶሞቢል ጎማ እንዲያቀርብ በር ይከፍታል፤ በዋጋ ማነስም እርሱ ያሸንፋል። ስለዚህ ደብዳቤው እንዲህ ቢጻፍ ይበጃል፦ መጠኑ 265/75 አር 16፤ ዓይነቱ ለጭነት የተሠራ ኤል ቲ፤ የጭነት ቁጥሩ ከ121 የማያንስ፤ የተሠራበት ጊዜ ከርክክቡ ቀን 12 ወር ያልበለጠ፤ ብዛቱ ከትርፉ ጋር 5። የቸርኬም ደብዳቤ የቀዳዳውን ቁጥር፥ የክቡን ወርድ፥ የመሐሉን ቀዳዳ፥ ስፋቱንና የሚችለውን ኪሎ ይጥቀስ። ጎማዎቹ በደረሱ ጊዜ ግምጃ ቤት ጠባቂው አንድ በአንድ እያገላበጠ የጭነት ቁጥሩንና አራቱን አኃዝ በመዝገብ ይጻፍ፤ ከደብዳቤው ጋር ያልተስማማውንም ክፍያ ከመፈጸሙ አስቀድሞ ለነጋዴው ይመልስ።